ከደሴ ሆኜ የሕዝብ ግንኙነት ኬዝ እንዴት አጠናሁ

ደሴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት ክፍል እሠራለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪ እማራለሁ። ሥራውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀኑ የሚያልቀው ዜና በመጻፍ፣ ስብሰባ ላይ ፎቶ በማንሳት፣ የአለቃን ንግግር በማዘጋጀትና ፌስቡክ ላይ በመለጠፍ ነው። ችግር ሲፈነዳ ማን ምን ይበል፣ መቼ ይበል የሚለውን ቁጭ ብሎ የሚያስተምረን የለም። ስለዚህ መምህራችን አንድ ኬዝ፣ ማለትም በእውን የደረሰ የተግባቦት ጉዳይ፣ መርጣችሁ ከምንጩ ሠርታችሁ ኑ ሲሉን ደስ አለኝ።

ጎግል ላይ የሕዝብ ግንኙነት ኬዝ ብላችሁ ብትፈልጉ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። የማስታወቂያ ድርጅቶች ራሳቸውን የሚያሞግሱበት ጽሑፍ፣ የተማሪ ስላይድ፣ ከስላይዱ የተቀዳ ሌላ ስላይድ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚሉት፤ ምክንያቱም አንዱ ከአንዱ ነው የገለበጠው።

ታይለኖልን እንውሰድ። ይህን የሕመም ማስታገሻ ታሪክ ሕዝብ ግንኙነት የተማረ ሁሉ ሰምቶታል። እ.ኤ.አ. በ1982 ቺካጎና አካባቢዋ ውስጥ 7 ሰዎች ሳያናይድ የሚባል መርዝ የተጨመረበት የታይለኖል እንክብል ውጠው ሞቱ። አምራቹ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን 31 ሚሊዮን ያህል ጠርሙስ ከገበያ ሰበሰበ፣ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ፣ ከዚያ በማይነካካ ማሸጊያ ተመልሶ መጣ። ስላይዱ ላይ «ኩባንያው ወዲያውኑ ሰበሰበ» ይላል። ቀኑን በዚያን ጊዜ ጋዜጦች ስትከተሉት ግን ሰዎቹ መሞት የጀመሩት ሴፕቴምበር 29 ነው፤ በማግስቱ የተሰበሰበው አንድ መለያ ቁጥር ያለው ምርት ብቻ ነበር፤ በመላ አገሪቱ ይሰበሰብ የተባለው ኦክቶበር 5 ነው። ፈጣን ነው፣ አልክድም። ግን ወዲያውኑ አይደለም። ለእኔ ኬዙ ያለው እዚያ መሃል ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። ማን አመነታ፣ ማን መከረ፣ ለጋዜጠኛ ምን ተባለ? ስላይዱ ይህን ውጦ ያስቀረዋል።

ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ ያዝኩ። የማንንም ትንታኔ ከማንበቤ በፊት ባዶ ወረቀት ላይ ቀኖቹን በተርታ እጽፋለሁ፣ በየቀኑ ሥር የዕለቱ ዜና ምን እንዳለ እሞላለሁ። ምሁራኑን የማነበው ቀጥዬ ነው። እንደ ኩምብስ ያሉት የቀውስ ተግባቦት ሰዎች ድርጅቱ ለጉዳዩ ምን ያህል ተጠያቂ ሆኖ ይታያል ብለው ይነሳሉ፣ ቤኖይት ደግሞ የተበላሸ ስም በምን በምን ዓይነት ንግግር እንደሚጠገን ይዘረዝራል። ቀኖቹ እጃችሁ ላይ ካሉ እነሱ የሚሉት ከጉዳዩ ጋር ይግጠም አይግጠም ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ። ከሌሉ ግን ያሉትን ተቀብሎ መጻፍ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ላይብረሪው። የላይብረሪ ባለሙያውን ጠይቁ! ብዙዎቻችን ላይብረሪ የምንገባው ለወንበሩና ለዋይፋዩ ነው። እኔ ያገኘኋቸው ጋሼ «ምን ፈለግህ?» አሉኝ፤ ስነግራቸው በአንድ ወረቀት ላይ የይለፍ ቃል ጻፉልኝ። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል ነገር አለ፤ እንደ እኛ ላሉ አገሮች የተመዘገቡ ተቋማት በሺዎች የሚቆጠሩ ጆርናሎችን በነፃ የሚያነቡበት። የእናንተ ተቋም መመዝገቡን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ጄስቶር የሚባለው የጆርናሎች ዳታቤዝ ደግሞ በግል አካውንት ብትገቡ በወር እስከ 100 ጽሑፍ በነፃ ኦንላይን ያስነብባችኋል፤ ፒዲኤፍ አውርዱ ግን አይላችሁም። በዘርፉ ውስጥ ዋናው መጽሔት ፐብሊክ ሪሌሽንስ ሪቪው ነው፣ ከዚያ መጀመር አይከፋም። መብራትና ኔትወርክ በአንድ ላይ የሚገኙበትን ሰዓት ጠብቃችሁ ማውረድ የሚቻለውን ሁሉ ፍላሽ ላይ አውርዱ፣ ፋይሉንም በደራሲና በዓመት ሰይሙት። «ዳውንሎድ (14)» የሚል ፋይል ኋላ ራስ ምታት ነው።

አንድ ጥሩ ጽሑፍ ስታገኙ ደግሞ ሁለት መንገድ አላችሁ። ከኋላው ያለውን የዋቢ ዝርዝር ይዛችሁ ወደ ኋላ መሄድ፣ ወይም ጎግል ስኮላር ላይ ማን እንደጠቀሰው አይታችሁ ወደ ፊት መምጣት። እኔን የበለጠ የጠቀመኝ ሁለተኛው ነው፤ በኋላ የመጡት የፊተኛውን ሲተቹ ታገኛላችሁ።

ለዋናው ሥራዬ የወሎን ረሃብ መረጥኩ። የሰባ ሰባቱን። ደሴ ላይ የማንንም ቤት ብታንኳኩ ስለዚያ ክፉ ቀን የሚነግራችሁ አታጡም፣ ግን እኔ የፈለግሁት መንግሥት ምን ብሎ ነበር፣ ምንስ ሳይል ቀረ የሚለውን ነው። እዚህ ላይ ፍለጋው ከበደ። አንደኛ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ጥቅምት 1977 ማለት ኦክቶበር 1984 ነው፤ በጃንዋሪ ግን ልዩነቱ ከ7 ወደ 8 ዓመት ይሄዳል፣ የእኛን ዓመት እንዳለ ብታስገቡ ዳታቤዙ ሌላ ዘመን ይዞላችሁ ይመጣል። ሁለተኛ ወሎ በፈረንጅ ፊደል አንዴ በአንድ «ኤል» አንዴ በሁለት ይጻፋል። አናባቢውም ይለዋወጣል። ሁሉንም በ«ኦር» (OR፣ «ወይም» በሚለው የፍለጋ ቃል) አያይዛችሁ ካልፈለጋችሁ ግማሹ ያመልጣችኋል።

ቀኖቹን ስደረድር የወጣው ነገር እስካሁን ይገርመኛል። በማርች 1984 የመንግሥቱ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለጋሾችን ሰብስቦ እህል ስጡን እያለ ይማጸናል። በሴፕቴምበር አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በሰልፍና በመብራት ታከብራለች፣ የውጭ ጋዜጠኛ ወደ ሰሜን እንዳይሄድ ይከለከላል። ኦክቶበር 23 ያን ጊዜ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ከነበረችው ኮረም የተቀረፀው ዘገባ በቢቢሲ ይወጣል፣ ዓለም ይናወጣል። አንድ መንግሥት፣ ሁለት አፍ። ኮሚሽኑ ይጮኻል፣ በዓሉ ይሸፍነዋል።

ነገሩን የሚያከፋው ደግሞ ከ11 ዓመት በፊት ያው ወሎ ላይ ያው ነገር መድረሱ ነው። በኦክቶበር 1973 የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ረሃቡን አወጣው፤ ደርግ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1967 ምስሉን ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር አጋጥሞ ለሕዝብ አሳየ፣ በማግስቱ ንጉሡን አወረደ። የተደበቀ ረሃብ ምን እንደሚያመጣ ከማንም በላይ የሚያውቀው ራሱ ደርግ ነበር። የሟቾቹን ቁጥር ግን ተጠንቀቁ። ለዚህ ለፊተኛው፣ ለስልሳ ስድስቱ ረሃብ ብቻ አንዱ 40,000 ሌላው 200,000 ይላል፤ እኔ አንዱን መርጬ አላስቀመጥኩም፣ ማን ምን እንዳለ ከነምክንያቱ ጻፍኩ።

የዳታቤዞቹ ትልቁ ጉድለት የእኛው ድምፅ አለመኖሩ ነው። የውጭው ምሁር ስለኮረም ጽፏል፤ አዲስ ዘመን በዚያ ሳምንት የፊት ገጹ ላይ ምን እንዳወጣ ግን ከደሴ ሆኖ ኦንላይን ማግኘት አልቻልኩም። የተጠረዘውን ለማየት አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ወይም ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መሄድ ግድ ነው። የምትሄዱ ከሆነ ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ፣ ማኅተሙ መኖሩን ከመሳፈራችሁ በፊት እዩት፣ የምትፈልጉትንም በቀንና በወር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፋችሁ ያዙ። የድሮ ጋዜጦችን አምጡልኝ ብላችሁ የምትጠይቁና የጥቅምት 1977ን አዲስ ዘመን የምትጠይቁ እኩል አትስተናገዱም።