የጭላሎው ገጽ

አራት ኪሎ አካባቢ ባለው መሥሪያ ቤታችን ስለ ገጠር ልማት ታሪክ ልዩ እትም ስናዘጋጅ በአርሲ ስለነበረው የጭላሎ አውራጃ የሚተርከው ገጽ ለእኔ ደረሰኝ። ረቂቁ ከአለቃዬ ሲመለስ ሦስተኛው አንቀጽ በቀይ እስክሪብቶ ከዳር እስከ ዳር ተሰርዟል። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሁለተኛው አንቀጽ አልተነካም። መንግሥት በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን ድጋፍ ካዱን (የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን) አሰላ ላይ ማቋቋሙን፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር መስጠቱን፣ የስንዴ ምርት ማደጉን ይተርካል። ሁሉም እውነት ነው። ኋላ ማዳበሪያና ምርጥ ዘርን ወደ ሌሎች አውራጃዎች ላዳረሰው የሚኒመም ፓኬጅ ፕሮግራም መንገድ የጠረገ ሥራ በመሆኑ ሊመሰገን ይገባዋል።

የተሰረዘው ግን የዚያው ስኬት ሌላው ገጽታ ነበር። ስንዴ አዋጭ ሲሆን ትልልቆቹ ባለመሬቶች በትራክተር ራሳቸው ማረስ ጀመሩ፤ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን እየከፈሉ ሲያርሱ የኖሩ ብዙ ጭሰኞች ተፈናቀሉ።

«ይህ አንቀጽ ለምን ወጣ?» ብዬ አለቃዬን ጠየቅኋቸው።

«እትሙ የበዓል ነው። የእነዚያን ባለሙያዎች ድካም አናጣጥል።»

«ድካማቸውን አላጣጣልኩም። ምርት አሳደጉ፤ የመሬት ሥሪቱን የመለወጥ ሥልጣን ግን በእጃቸው አልነበረም። የጭሰኛና የባለመሬትን ግንኙነት ሊያስተካክል የነበረው የሕግ ረቂቅ ፓርላማ ገብቶ ሳይጸድቅ ቀርቷል።»

«ታዲያ አንባቢው ማንን ይውቀስ?»

ይህ ጥያቄ አናደደኝ። ተወቃሽ ካላገኘን ተጎጂውን እንሰርዛለን ማለት ነው? «ይህ ከወጣ» አልኳቸው፣ «በቀጣዩ ገጽ ያለው፣ ጭሰኝነትን ያስቀረው የየካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ከሰማይ ዱብ ያለ ይመስላል። ‹መሬት ለአራሹ› ብሎ የጮኸው ተማሪ ምን አይቶ እንደ ጮኸ ማን ይረዳል?»

ለጊዜው መልስ አልሰጡኝም። በማግስቱ አንቀጹ እንደ ተሰረዘ ቀረ፤ ከትራክተሩ ፎቶግራፍ ሥር ግን አንድ መስመር እንድጽፍ ፈቀዱልኝ። ጻፍኩ፤ እንዲያ ሆኖ ታተመ።

ከዚያ ወዲህ ስለ እነዚያ ዓመታት ስጽፍ የምርቱን ማደግና የጭሰኛውን መፈናቀል በአንድ ዓረፍተ ነገር አስራቸዋለሁ፤ አንዱን የሚሰርዝ ሌላውንም መሰረዝ ግድ ይሆንበታል። ዘዴው እስካሁን ሠርቶልኛል። ደስ ግን አይለኝም፤ መሬቱን ለቅቆ ለወጣው ገበሬ ግማሽ ዓረፍተ ነገር አይበቃውም።