ከመቶ በላይ የተከተበው ቀበሌ

ገጠር ወረዳ ላይ የጤና መረጃ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ በጣም የምኮራበት አንድ ቀበሌ ነበር። የክትባት ሽፋኑ ከመቶ በላይ ነው። አዎ፣ ከመቶ በላይ! ይወለዳሉ ተብለው ከታቀዱት ሕፃናት የተከተቡት በለጡ። ግምገማ ላይ ሁሌ ይጨበጨብለታል። ኩፍኝ ወደ ወረዳችን ሲገባ ግን መጀመሪያ ያንኳኳው የእሱን በር ነው።

ሽፋን የሚባለው የተከተቡት ይወለዳሉ ለተባሉት ሕፃናት ሲካፈል ነው፤ ችግሩ ማካፈያው ላይ ነበር። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የምንጠቀምበት ሁሉ ትንበያ ነው። የቀበሌው የሕዝብ ግምት በአንድ ቋሚ ቁጥር ይባዛና «የዓመቱ ሕፃናት ይኸው» ይባላል። ሰው ይሰደድ፣ አዲስ ሰፈር ይቆርቆር፣ ማካፈያው ወሬም የለው። ማካፈያው ካነሰ ሽፋኑ ሰማይ ይነካል።

የሚገርመው ከትንበያው የተሻለ መረጃ እዚያው ቀበሌው ውስጥ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለእያንዳንዱ ቤት የቤተሰብ ፎልደር፣ ማለትም የቤተሰቡን የጤና መዝገብ፣ ከፍተው በየጎጡ ደርድረውታል። ግን ሪፖርቱ ሲደመር ጎጡ ይጠፋል። ሲስተሙ የሚያውቀው ትንሹ ቦታ ጤና ኬላ ነው። በአገር ደረጃም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱት 26 ከመቶ ናቸው ይላል። ፈልፍለው ሲያዩት አዲስ አበባ 97፣ አፋር 15 ነው። 26 የሚለው ቁጥር ይህን ሁሉ ልዩነት ይደብቃል።

እናም መረጃውን ለባለቤቱ ልመልስ ብዬ ተነሳሁ። ባለቀለም ግራፍ አሳትሜ ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። አንድ እናት ቆም ብለው አዩትና «ልጄ፣ ደግሞ የምን ግብር መጣ?» አሉኝ።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ከት ብላ ሳቀች። «በል ወረቀትህን ተወውና ባቄላ እንቁጠር» አለችኝ። ሐሳቡ የእሷ ነው፤ እኔ ባቄላውን ገዛሁ።

በበዓል ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዋርካው ሥር ተሰበሰብን። በአመድ ጎጦቹን መሬት ላይ ሣልን። እኔ የረሳሁትን ወንዝ ሽማግሌዎቹ ገና ሳንጀምር አሠመሩት። ፔንታ፣ አምስት በሽታ የሚከላከለው ክትባት፣ የሚሰጠው በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ነው። የመጀመሪያውን ለወሰደ ልጅ ሁሉ አንድ ባቄላ ጎጡ ላይ አስቀመጥን። ሦስተኛውን ሳይወስድ ለቀረ ደግሞ ባቄላውን ከመስመሩ አወጣን። ጀማሪና ጨራሽን ማወዳደር ደግ ነገሩ የሕዝብ ቆጠራ አይፈልግም።

ከወንዙ ማዶ ያለው ጎጥ ላይ ሁለት ሦስት ባቄላ ብቻ ነበር። አንድ አባት ጎንበስ ብለው አዩና «እኛ ጎጥ ልጅ መውለድ ቆሟል እንዴ?» አሉ። ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ሴቶቹ ተነስተው የእነማን ቤት ልጅ እንዳለ በየተራ መናገር ጀመሩ። አብዛኞቹ ፎልደር ከተከፈተ በኋላ የተሠሩ ጎጆዎች ናቸው። እኛ መዝገብ ላይ ልጆቹ አልተወለዱም፣ አልኖሩም።

ለምን እንደማይመጡም እዚያው ሰማሁ። የክትባቱ ቀን ከገበያ ቀን ጋር ይገጥማል። በክረምት ወንዙ ይሞላል። ይባስ ብሎ አንዷ እናት ልጇን አዝላ መጥታ «ዛሬ ልጅ አልሞላም» ተብላ ተመልሳለች። የኩፍኝ ብልቃጥ ለ10 ልጅ የሚሆን ነው፤ ከተከፈተ በ6 ሰዓት ውስጥ ያልተሰጠው ይደፋል። ስለዚህ ለአንድ ልጅ አይከፈትም። ለብክነት ሪፖርቱ ጥሩ ነው። እሷ ግን ሁለተኛ አልመጣችም።

መፍትሔውን ያመጡት እነሱ ናቸው። ክትባቱ ማዶ ድረስ ይሂድ፣ ቀኑም በወር በወሩ 21፣ ማርያም ይሁን አሉ። በዕለቱ ስለማይታረስ ሰው ቤቱ ነው። አስልቼ አየሁት፤ ከ21 እስከ 21 ቢያንስ ሠላሳ ቀን ነው፣ ፔንታ የሚፈልገውን የ4 ሳምንት ልዩነት ያልፋል። በዚህ ቀን የሚውል ቀጠሮ ደግሞ ማንም አይረሳም።

የተበላሸውንም ልናገር። ነገሩ ስለተወደደልኝ በሚቀጥለው ጊዜ ቤት የወለዱ እናቶችን በባቄላ አወጣሁ። አንድ ጎጥ ላይ አንዲት ባቄላ ብቻ ወደቀች። ሁሉም ዞሮ አንዲት ሴት አየ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ተነስታ ሄደች። እኔ የማንንም ስም አልጠራሁም፤ ግን በጎጥ ደረጃ አንዲት ባቄላ ስም ናት። ማታ ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ቡና አፈላችልኝ፣ ብዙም አላወራችም። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ጎጦችን አዋህዳለሁ። የወሊድ ጉዳይ ደግሞ ከነፍሰ ጡሮች ኮንፈረንስ አይወጣም፣ ወንድ በሌለበት፣ እነሱ ሲፈልጉ ብቻ።

በዓመቱ ማካፈያዬን በአካል በተቆጠሩት ሕፃናት ቀይሬ ሪፖርት አደረግሁ። ብዙ ልጅ ተከትቦ ሳለ ሽፋኑ ወረደ። አለቃዬ ደወለ።

«ምን ነካህ? ጥሩ ቀበሌያችን እኮ ነበር!»

«የጠፉትን ልጆች አገኘናቸው» አልኩት።

አልገባውም፤ በስልክ ለማስረዳትም አልመች አለኝ። ለሚቀጥለው ግምገማ ባቄላውን በፌስታል ይዤ ሄድኩ።