ጎመን ነዋ!

ዛሬ አክስቴን ይዤ ሆስፒታል ዋልኩ። ከሁለት ወር በፊት ግራ እግሯ ብቻ አብጦ፣ "ብርድ ነው" ተብሎ በቅባት ሲታሽ ሰንብቶ፣ ኋላ በአልትራሳውንድ ሲታይ ለካ ደም ሥሯ ውስጥ ደም ረግቶ ኖሯል። (ያ ማሸት አሁን ሳስበው ያስፈራኛል፤ ተነቅሎ ሳንባዋ ቢገባስ ኖሮ!)

ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ዋርፋሪን የሚባል ክኒን ትወስዳለች። ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያሳየው፣ አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራ ለእሷ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። የዛሬው 1.4።

"እማማ፣ መድኃኒቱን አቋርጠው ነበር?" አለቻት ዶክተሯ።

አክስቴ ተቆጣች። የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። በምላጭ እኩል ለሁለት የተከፈሉ ክኒኖች፣ በወረቀት ተጠቅልለው። አንድ በአንድ ቆጠረችላት። አንዲት ግማሽ እንኳ ዝንፍ አላለችም።

"ታዲያ ምን ይበላሉ?"

"ጾም አይደል እንዴ? ጎመን ነዋ!"

ዶክተሯ ሳቀች። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ያዳክማል። በፍስክ የተመጠነው መድኃኒት ጾም ሲገባ አነሳት ማለት ነው። ጎመን ይተዉ አላለቻትም፤ ሳምንቱን ሙሉ መጠኑ አይለዋወጥ ብላ መድኃኒቱን ትንሽ ከፍ አደረገችላት። ሳምንት ተመልሰን እንለካለን።

እኔን የከነከነኝ፣ ክኒኑ መጀመሪያ ሲታዘዝላት ስለ ምግቧ የጠየቃት ሰው አለመኖሩ ነው። እዚያ ወረፋ ላይ "መድኃኒት አቋራጭ" እየተባሉ የሚቆጡባቸው ስንት እናቶች ይሆኑ?

ታክሲ ውስጥ ዝም ብላ ቆየችና ወደ እኔ ዞራ፣ "ቆስጣስ?" አለችኝ።