ሚንት የጫንኩ ሰሞን

ላፕቶፔ አርጅቷል። ስገዛውም ያገለገለ ነበር፤ ኮር አይ 3፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ከፍቼው ሄጄ ቡና ቆልቼ ስመለስ ያቺ ክብ ነገር አሁንም እየዞረች ነው። እማዬ የፋኑን ድምፅ ስትሰማ "ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያቃስተው?" ትለኛለች።

የተጫነበት ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ወደ 11 ልሻገር ብል ማሽኑ አይመጥንም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፣ ከኢንቴል ከሆነ ደግሞ ፕሮሰሰሩ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። የኔ 5ኛ ነው።

ሁሌ የምሄድበት ኮምፒውተር ቤት ያለው ልጅ መልሱ ዘንድሮም ያው ነው። "ፎርማት ላድርግልሽ እህቴ፣ በግማሽ ሰዓት ትወስጂዋለሽ።" ፎርማት ያደርጋል፣ ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ (ክራክ የተደረገ) ዊንዶውስ ይጭናል፣ ክራኩ እንዲሠራ አንቲቫይረሱን ያጠፋል። ሌባ እንዲገባ ውሻውን እሰሩት እንደማለት ነው። ስንት ዓመት እሺ ብዬ ከፍዬ ወጥቻለሁ፣ አሁን ጻድቅ ለመምሰል አልፈልግም፤ ዘንድሮ ግን በቃኝ አልኩ።

ሊኑክስን፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ነፃ ሲስተም፣ በስም አውቀዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ እያለን አንድ ልጅ ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ሲዲ ነበረው፤ ያኔ ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ በነፃ በፖስታ ይልኩ ነበር። ኡቡንቱን በ2004 እ.ኤ.አ. የጀመረው ማርክ ሻትልዎርዝ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ነው፣ ስሙም ከዚያው አካባቢ ቋንቋ የመጣ ነው። ዋናው ሊኑክስ ግን የፊንላንድ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ21 ዓመቱ፣ ነሐሴ 1983 ላይ፣ ማለትም እኛ አገር ደርግ ከወደቀ ገና ሦስት ወር ሳይሞላ፣ እንዲሁ ለትርፍ ጊዜ የምሠራው ነገር አለ፣ ትልቅ ነገር አይሆንም ብሎ ጻፈ። ዛሬ አንድሮይድ ስልክ ሁሉ የሚሠራው በዚያ ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ላይ ነው። ስለዚህ "ሊኑክስ ይከብዳል" እያልኩ ስፈራ ኖሬ ለካ በቦርሳዬ ይዤው ስዞር ነበር።

ብዙ ዓይነት አለ፣ ዲስትሮ ይሉታል። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ሁለት ሳምንት ቪዲዮ ሲያይ ያልቃል። እኔም አየሁ። በመጨረሻ ሊኑክስ ሚንትን መረጥኩ፣ ከኡቡንቱ ላይ የተሠራ ነው፣ መልኩም ለዊንዶውስ ለመደ ሰው አይጨንቅም፤ ታች በግራ ሜኑ አለ፣ ሰዓቱ በቀኝ ነው። ሚንት ራሱ በሦስት መልክ ይመጣል። ሲናመን ያምራል ግን ለኔ ራም ይከብደዋል ብዬ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀላሉን ወሰድኩ። ለየቨርዥኑ የሴት ስም ይሰጡታል፣ የኔ 22.2 ሲሆን ስሟ ዛራ ነው። ለእማዬ ስነግራት "ዛር ነው ያልሽው?" ብላ አማተበች።

ፋይሉ ወደ 3 ጊጋ ይጠጋል። የሌሊት ጥቅል ገዝቼ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ማውረድ ጀመርኩ። 80 በመቶ ሲደርስ መብራት ሄደ። ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። ሲመለስ ብሮውዘሩ ከዜሮ ልጀምር አለኝ፣ ጥቅሉ ደግሞ እየተሟጠጠ ነው፤ ማልቀስ ብቻ ነበር የቀረኝ። እንደኔ ያለ ኔትወርክ ያለው ሰው ይህችን ይያዝ፦ በቶረንት አውርዱ። ያው ፋይል ነው፣ ሕጋዊ ነው፣ ራሳቸው ሊንኩን ያስቀምጡታል፣ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። በነጋታው ሌሊት በቶረንት መብራት ሁለቴ ጠፍቶም አለቀ።

ቀጥሎ ፋይሉን ፍላሽ ላይ መጻፍ ነው። ሩፈስ በምትባል ትንሽ ፕሮግራም 5 ደቂቃ ገደማ ፈጀ። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል ብላ ታስጠነቅቃለች፣ እኔም ሳላነብ እሺ አልኩ። ያ ባለ 16 ጊጋ ፍላሽ የአክስቴ ልጅ የሰርግ ፎቶ ያለበት ነበር። ትዝ ያለኝ አረንጓዴው መስመር ግማሽ ከሄደ በኋላ ነው። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ላፕቶፑ ከፍላሹ እንዲነሳ ሲከፈት አንድ ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። እንደ ማሽኑ ይለያያል፤ ኤፍ 12፣ ኤፍ 9፣ ኤፍ 2 ወይ ኢስኬፕ ሊሆን ይችላል። እኔ በሁሉም ጣቶቼ ሁሉንም ተጫንኩ። ብቻ ገባ። ደስ ያለኝ ነገር ሳይጫን መሞከር መቻሉ ነው፤ ከፍላሹ ላይ ሆኖ ሙሉ በሙሉ ይሠራል፣ ሃርድ ዲስኩን አይነካም፣ ካልወደድሽው ፍላሹን ነቅለሽ ሬስታርት ነው። ድምፁ ይሠራል፣ ካሜራው ይሠራል፣ ብርሃኑ ከፍ ዝቅ ይላል። ዋይፋዩ የለም። ደካማ ነው ማለቴ አይደለም፣ ጭራሽ ዋይፋይ የሚባል ነገር አያውቅም።

ድራይቨሩን፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት እንዲመጣ ድራይቨሩ ያስፈልጋል። አንድ ሰዓት ሙሉ በስልኬ ሳነብ ቆይቼ መፍትሔው እጄ ላይ ያለው ስልክ ሆነ። በቻርጀሩ ገመድ ስልኩን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቼ ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚለውን ሳበራው ወዲያው ኢንተርኔት ገባ። ከዚያ ድራይቨር ማኔጀርን ከፈትኩ፣ የዋይፋይ ቺፑን ራሱ አገኘው፣ ምልክት አደረግኩ፣ አለቀ።

ዊንዶውሱን ሙሉ በሙሉ ልጠርገው ፈልጌ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ግን አካውንታንት ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በኔ ላፕቶፕ ይሠራል፣ ሥራው ደግሞ ፒችትሪ ነው። ፒችትሪ የዊንዶውስ የሂሳብ ፕሮግራም ነው። "እንደፈለግሽ አድርጊ፣ ፒችትሪን ከነካሽ ግን አንተዋወቅም" አለኝ። ስለዚህ ጎን ለጎን ጫንኩት፤ ለሊኑክስ 100 ጊጋ ቆርሼ ሰጠሁ፣ የቀረው ለሱ። ላፕቶፑ ሲከፈት የትኛውን እንደሚፈልጉ ይጠይቃል። ከመጫናችሁ በፊት ዊንዶውሱ ውስጥ ፋስት ስታርትአፕ የሚለውን አጥፉ። አለዚያ ዊንዶውስ የተዘጋ መስሎ ተኝቶ ስለሚቆይ ሊኑክስ የዊንዶውሱን ፋይሎች ያሳያችኋል እንጂ ላያስነካችሁ ይችላል።

ፍጥነቱን ብዙ አላወራም። አንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ይከፈታል፣ ምንም ሳይከፈትበት ከ1 ጊጋ ያነሰ ራም ነው የሚይዘው። ማቃሰቱም ቀንሷል።

የገረመኝ ሌላ ነው። ፕሪንት ቤት ሄጄ የመጣሁበትን ፍላሽ ሰካሁት። ያ ሁላችንም የምናውቀው ሾርትከት ቫይረስ ይዞታል፣ ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚቀየሩበት። ዊንዶውስ ላይ ቢሆን ልቤ ቀጥ ትል ነበር። እዚህ ግን ሾርትከቶቹ ምንም የማያደርጉ ትንንሽ ፋይሎች ሆነው ተደርድረዋል፣ አጠገባቸው ደግሞ ስም የሌለው አንድ ፎልደር አለ። ከፈትኩት። ጠፍተዋል ያልኳቸው ፋይሎች ሁሉ እዚያ ቁጭ ብለዋል። ቫይረሱ የጎረቤት ቋንቋ እንደማያውቅ እንግዳ ደርቆ ቀረ።

እንግዲህ ሁሉም ጥሩ ሆኖ፣ ልተወው የደረስኩት በአማርኛ ምክንያት ነው። እኔ የምተዳደረው በትርጉም ሥራ ነው። አማርኛ ካልጻፈልኝ ፍጥነቱ ምን ይሠራልኛል? ኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ አማርኛ አለ፣ ጨመርኩት፣ ግን ጣቶቼ የለመዱት አጻጻፍ አይደለም፤ አንድ መስመር ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ሁለት ቀን ተናድጄ ወደ ዊንዶውስ ተመለስኩ።

መፍትሔው አይባስ የሚባለው የኪቦርድ ፕሮግራም ነው፣ ከሱ ጋር ኤም 17 ኤን የሚባል ጥቅል ይጫናል፣ በውስጡ ሴራ የሚባል የአማርኛ አጻጻፍ አለ። ለመጫን ያንን ጥቁር መስኮት፣ ተርሚናሉን፣ ከፍቼ "ሱዶ አፕት ኢንስቶል" ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። የሆነ ነገር አፈነዳለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። የሚጽፈውን ጽፎ ጸጥ አለ። ሊኑክስ ጸጥ ካለ ተሳክቷል ማለት ነው፣ ይሄን ለመልመድ ጊዜ ይወስዳል። አሁን በላቲን ፊደል እንደሚነበበው እጽፋለሁ፤ ትልቁ ቲ ጠ ይሆናል፣ ትልቁ ሲ ጨ፣ ኤክስ ደግሞ ሸ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚቀይረው የዊንዶውስ ምልክት ያለባት ቁልፍ ከስፔስ ጋር ናት። ምልክቷ እንደተለጠፈባት ቀረች፣ እዚህ ሰፈር ግን ሱፐር ነው የምትባለው።

የድሮ ሥራዎቼም አንገላቱኝ። አማርኛ ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ግን እኛ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት የጻፍነው በላቲን ኮድ ላይ የአማርኛ ቅርጽ በሚለጥፉ ፎንቶች ነው። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ ዝባዝንኬ ነው። የ2001ዱን አንድ ኮንትራት ሊብሬኦፊስ በሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ስከፍት የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍና ነጥብ ተዘበራርቆ ወጣ። ፎንቶቹን ከዊንዶውሱ ክፍል ኮፒ አድርጌ ሳስገባቸው ተነበበ። አዲሶቹ ችግር የለባቸውም፣ ብቻ ኒያላ በሚባለው የዊንዶውስ ፎንት የተጻፈ ሰነድ እዚህ በሌላ ፎንት ስለሚተካ መስመሩ ይሸሻል፤ 12 ገጽ ያልኩት 13 ይሆናል፣ ደንበኛ ደግሞ በገጽ ነው የሚከፍለው። በሐቀኝነት ፎንቱን አስተካክዬ ነው የምቆጥረው። አብዛኛውን ጊዜ።

ወንድሜ እስካሁን ቅዳሜ መጥቶ ወደ ዊንዶውሱ ገብቶ ፒችትሪውን ሠርቶ ይሄዳል፣ የኔን ጎን አንድ ቀን ከፍቶ አላየም።

የሰርጉ ፎቶስ? ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ተርሚናል ላይ ነው የሚሠራው፣ ከተጠረገ ፍላሽ ላይ ፎቶ ፈልጎ ያወጣል። ሚንት የተጻፈበትን ቦታ ማዳን አይቻልም፣ እላዩ ላይ ተጽፎበታል። የተረፈውን ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲለቅም አደረ። ጠዋት 612 ፎቶ አገኘሁ፣ ስማቸው ሁሉ ቁጥር ሆኗል። የመልሱ ቀን ሙሉ በሙሉ አለ። እስክስታው አለ፣ አክስቴ ስታለቅስ አለች። ኬክ ሲቆረስ የለም፣ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ የለም። ለልጅቷ ገና አልነገርኳትም። ፎቶግራፈሩ ኮፒ ይኖረው እንደሆነ በዘዴ እያጠያየቅኩ ነው።