ደብረ ብርሃን ለምንገዛው ቤት ብድሩን ማን ያስጨርስልን?

የምሠራው መሐል ሜዳ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ ገበሬው «ዶክተር» ይለኛል፣ እኔም ለምጄዋለሁ። ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ከተዛወረች ወዲህ ልጆቹም እሷ ጋ ናቸው። አከራዩ በየጊዜው ሲጨምርብን «ይኸን ሁሉ ለኪራይ ከምናወጣ በብድር ቤት እንግዛ» ተባባልን።

ቤት ማፈላለጉ ብዙም አላስቸገረን። የቸገረን ፋይሉን ይዞ ከባንክ ማዘጋጃ፣ ከማዘጋጃ ባንክ የሚመላለስ ሰው ነው። ባለቤቴ ከሥራዋ በየቀኑ ፈቃድ መጠየቅ አትችልም። እኔ ደግሞ በሞላሌና በመዘዞ አድርጌ፣ ጣርማ በር ወጥቼ ደብረ ብርሃን እስክገባ ቀኑ ያልቃል። ያውም መንገዱ ሰላም ከሆነ። በማግስቱ ቢሮ ስሄድ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» እባላለሁ።

አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግራት «ሞርጌጅ ብሮከር ያዝ» አለችኝ፤ የቤት ብድር አገናኝ ማለት ነው። እሷ ከምትኖርበት ርቃ ሌላ ከተማ ቤት የገዛችው በብሮከር ነው። እዚያ ሥራው ፈቃድ ይጠይቃል፤ የሰውየውን የምዝገባ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ አስገብቶ ማየት ይቻላል። ማመልከቻ ከገባ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ወለዱን፣ ወርሃዊ ክፍያውንና ሌላውን ወጪ የያዘ ወረቀት ይላካል። ብሮከሩ ለአንዱ ብድር ከተበዳሪውም ከአበዳሪውም መቀበል አይችልም። እውነቴን ነው፣ ቀናሁ። እኛ ጋ ያለው ደላላ ነው። ከሻጭም ከገዢም ኮሚሽን ይወስዳል፣ «ብድርም አስጨርሳለሁ» ካለ ለዚያ ለብቻው ያስከፍላል። የማን ሰው እንደሆነ መለየቱ ላንተ የተተወ ነው።

መጀመሪያ ያገኘነው ስልኩ የማያርፍ ወጣት ነው። «ዶክተር፣ እርስዎ ምንም አይጨነቁ። ባንክ ውስጥ የራሳችን ሰው አለ» አለኝ። ማዘጋጃ ሄጄ ካርታውን ልይ ስለው «እሱን ለኛ ይተዉት» አለ። እኔ መንዝ ውስጥ በግ ስገዛ ጀርባውን ሳልዳብስ ብር አላወጣም፤ አትዳብስ ያለኝ ሻጭም አላጋጠመኝም።

«የራሳችን ሰው» የሚሉት ነገር በጣም ያናድደኛል። ብሔራዊ ባንክ በ2015 መጨረሻ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጀ። ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢልም ብድር የተፈቀደላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ወረፋ ሲጠብቁ አይተናል። ባንኩ የሚለቀው ገንዘብ ከሌለው የራሳችን ሰው ከየት ያመጣዋል? «ለሻይ» ያልከው ብር ግን ወጥቶ ቀረ ማለት ነው።

ልጁ ቀጥሎ ውክልና ጠየቀኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልናን ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ ቤት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። እሱ ያመጣው ረቂቅ ርዕሱ «ጠቅላላ» ይበል እንጂ ውስጡ «በስሜ እንዲበደር፣ ገንዘብ እንዲቀበል፣ ንብረት በዋስትና እንዲያስይዝ» ይላል። እሱን ፈርሜ መሐል ሜዳ ብመለስ ከስሜ ሌላ የሚቀረኝ ነገር አልነበረም። ደህና ሁን ተባባልን።

ሁለተኛውን ሰው ባለቤቴ ናት በሥራ ባልደረባዋ በኩል ያገኘቻቸው። ጡረታ የወጡ የባንክ ሠራተኛ ናቸው። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ተቀመጥን። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ስለ ክፍያ ሳያነሱ ጥያቄ ጀመሩ። ደመወዝህ ላይ ምን ተቀናሽ አለ? ከመሥሪያ ቤት ቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድረሃል? ስንት ወር ቀረህ? እኔ ያን ብድር ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም ነበር። እሳቸው ግን ባንኩ ወርሃዊ ክፍያህን የሚወስነው ተቀናሹ ወጥቶ በሚተርፈው ላይ ነው፣ እሱን ቀድመህ ዝጋ አሉኝ።

ከዚያ ስለ ሻጩ ጠየቁኝ። «ሚስቱ የት ናት?» ያኔ ያየነው ቤት ባለቤት ሚስት ቤይሩት ናት። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ውክልናው ከውጭ ሲመጣ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል አልፎ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። «እስኪመጣ ቀብድ እንዳትጥል» አሉኝ። ያንን ቤት ተውነው።

ልቤን የገዙት ግን በዚህች ንግግር ነው፦ «እኔ ብድር አላስፈቅድም። የሚያስፈቅደው ኮሚቴው ነው። የኔ ሥራ ፋይልህ ጎድሎ እንዳይመለስ ነው። ውክልናም ለኔ አትስጠኝ። ለሚስትህ ስጣት፣ እኔ አብሬያት እሄዳለሁ።»

ክፍያቸው በመቶኛ አይደለም፤ ቁርጥ ብር ነው። ግማሹ የባንኩ ግምት ሲወጣ፣ ግማሹ የስም ዝውውሩ ሲያልቅ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን በመቶኛ የሚሠራ ሰው ቤቱ ሲወደድ፣ ብድሩም ሲበዛ ይጠቀማል፤ አንተ ደግሞ ብድሩ በበዛ ቁጥር ለዓመታት ትከፍላለህ።

ሁለተኛውን ቤት እዚያው ደብረ ብርሃን ጠባሴ ሰፈር አየን። ብሎኬት ነው፣ ግቢው ሰፊ፣ ማድ ቤቱ ደግሞ ጥግ ላይ ለብቻው። ባለቤቴ ወደደችው። ሽማግሌው ከኮታቸው ኪስ ሜትር አወጡና አንዱን ጫፍ ለኔ ሰጡኝ። ያ የደብረ ብርሃን ንፋስ ሳይት ፕላኑን ከእጃችን ሊነጥቀን ይታገላል። ካርታው ላይ የግቢው ወርድ 10 ሜትር ነው፤ ሜትሩ ግን አጥሩ ጋ ሲደርስ 12 አለፈ። ጎረቤት ያሉ እናት በር ላይ ቆመው ያዩናል። «እትዬ፣ ይቺ ማድ ቤት መቼ ነው የተሠራችው?» አልኳቸው። «እሷማ አጥሩ ሲገፋ ነዋ! ድሮ በዚያ በኩል ውኃ ልንቀዳ እናልፍ ነበር» አሉኝ።

ሻጩ ዋጋ ሲጠራ ማድ ቤቷን ቆጥሯታል። የባንኩ ገማች ግን ከካርታ ውጭ ያለውን አይገምትም። ለካርታው ውስጥ ቤትም ቢሆን የባንክ ግምት ብዙ ጊዜ ከገበያው ዋጋ ያንሳል፤ ልዩነቱን ከኪስህ ትሞላለህ። ገማቹ ከመምጣቱ በፊት ይህን ማወቃችን ዋጋ እንድንቀንስ ረዳን።

የቀብዱ ነገርም አለ። በሕጉ ቀብድ የሰጠ ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ባንክ ብድሩን ቢከለክልህስ? እኛ ውሉ ላይ «ባንኩ ብድሩን ካልፈቀደ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ቃል አስገባን። ሻጩ ቅር አለው። እሱ የፈራው ደግሞ ገንዘቡን ሳይቀበል ስሙ እንዳይዞር ነው፤ ሰው አይፈረድበትም። ሽማግሌው ባንኩ ድረስ ወሰዱት። ስሙ ዞሮ መያዣው ሲመዘገብ ባንኩ በቀጥታ ለሱ እንደሚከፍል የሚገልጽ ደብዳቤ እንደሚጻፍለት ከሠራተኛዋ አፍ ሰማ። ከዚያ በኋላ «ካሽ ካልሆነ» ማለቱን ተወ።

ባንኩ ዘግይቶም ቢሆን ከፈለ። ካርታው በስማችን ዞሮ ባንክ ተቀምጧል፣ የሽማግሌው ቀሪ ግማሽ ክፍያም ተሰጥቷል። የቀረችው ማድ ቤቷ ናት። አፍርሰን ከካርታው ውስጥ ልንሠራት ነው። ጠባሴ አካባቢ ቃሉን የሚያከብር ግንበኛ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ባለቤቴ ክረምት ሳይገባ ይለቅ ብላለች።