በራሴ እጅ የዘጋሁት መንገድ

ደሴ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኔትወርክ ባለሙያ ሆኜ በምሠራበት ወቅት፣ የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ምዝገባ በተጀመረበት ሰኞ ጠዋት፣ የሬጅስትራሩ ኃላፊ ራሳቸው ወደ ሰርቨር ክፍሉ መጡ። እንደ ወትሮው ስልክ አለመደወላቸው ብቻ የነገሩን ክብደት ይናገር ነበር። «ሰልፉ ግቢውን አልፎ አስፋልት ሊደርስ ነው፤ ገጹ ይሽከረከራል እንጂ አይከፈትም» አሉኝ። የጦሳ ተራራ ብርድ ገና አልለቀቀም ነበር፤ እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ።

መቆጣጠሪያውን ስከፍት በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚያሳልፈው የኢንተርኔት መስመራችን በገቢም በወጪም ጢም ብሎ ሞልቷል። አብዛኛው ፍሰት ከተማሪዎች ማደሪያ የሚነሣ ቶረንት ነበር። ቶረንት አንዱን ፋይል በትናንሹ ቆራርጦ ከብዙ ሰው ስለሚያመጣ፣ እያመጣም ለሌላው ስለሚያድል፣ አንድ ኮምፒውተር ብቻውን በመቶ የሚቆጠር ግንኙነት ሊከፍት ይችላል። እኔም ቶረንትን የሚገባና የሚወጣውን በሚያጣራው ፋየርዎል ዘጋሁት። ምዝገባው እስከ ምሳ ሰዓት ሠራ። ማምሻውን መስመሩ እንደገና ሞላ፤ ይባስ ብሎ ተማሪዎቹ ፍሰታቸውን በምስጢር ጠቅልሎ በሚያሳልፈው ቪፒኤን ስለተሸሸጉ የሚያልፈው ምን እንደሆነ እንኳ መለየት አቃተኝ። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካው የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪ ኮምካስት ሐሰተኛ የግንኙነት ማቋረጫ መልእክት እየላከ የደንበኞቹን ቶረንት ሲያደናቅፍ ተደርሶበት ነበር፤ የአገሩ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2008 ጥፋተኛ ቢለውም፣ በ2010 ፍርድ ቤት የኮሚሽኑን ውሳኔ ሽሮታል። የእኔ መዝጋት ከዚያ ይልቅ ግልጽ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ማጽናኛው ግን መስመሩን አላቀለለውም።

በማግስቱ ወደ ማደሪያው ወጣሁ። አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረና «ጋሼ፣ ፊልም እንዳይመስልዎት፤ መምህሩ አውርዱ ያሉን ኡቡንቱ ነው» አለኝ፤ በነፃ የሚታደለውን የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና ማለቱ ነው። ፋይሉ ከ4 ጊጋባይት ይበልጣል፤ ኮርሱን የሚወስዱት ደግሞ 60 ተማሪዎች ናቸው። ቁርጥራጮቹን የሚልኩለትን ኮምፒውተሮች ዝርዝር ሳይ ከጀርመን፣ ከሩሲያ፣ ከብራዚል ነበሩ። ከጎኑ አልጋ ላይ የተቀመጠው ጓደኛው ያንኑ ፋይል እያወረደ 71 በመቶ ደርሷል፤ በዝርዝሩ ውስጥ ግን የለም። እዚያው ቆሜ አሰላሁት፦ 60 ቅጂ ማለት 240 ጊጋባይት ነው፤ መስመራችን ሌላ ሥራ ሁሉ ትቶ ይህን ብቻ ቢያመጣ ከ5 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል።

ሁለቱ ልጆች ለምን አልተገናኙም? የቶረንት ፕሮግራሞች «ይህ ፋይል ያለው እዚህ አቅራቢያ አለ?» እያሉ በውስጥ ኔትወርኩ የሚጣሩበት ዘዴ አላቸው። ጥሪውን የዋጠው ከ2 ዓመት በፊት ቫይረስ ከላፕቶፕ ወደ ላፕቶፕ ሲዛመት እኔው በዋይፋይ አንቴናዎቹ ላይ ያበራሁት፣ ተጠቃሚዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ የሚያደርገው ቅንብር ነበር። ይህን ለማደሪያው ተቆጣጣሪ ሳስረዳቸው እኚህ እናት «እና ልጄ፣ ቅሬው ድንኳን እያለው የየቤቱ ሰው ከአዲስ አበባ ድንኳን ይከራያል በለኝ!» ብለው ሳቁብኝ፤ ቅሬ በወሎ እድር ማለት ነው።

ነገሩን በትልቁ ያሰቡት ቀድመውኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፓንዶ ከተባለው የፋይል ማጋሪያ ድርጅትና ከኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው ቬራይዞን ጋር ፒፎርፒ የሚሉትን አሠራር ሞክረው ነበር። የማጋሪያው ፕሮግራም ፋይሉ እነማን ዘንድ እንዳለ ያውቃል፤ የትኛው መንገድ ቅርብና ርካሽ እንደሆነ ግን አያውቅም። አገልግሎት ሰጪው ደግሞ መንገዱን ያውቃል፣ ፋይሉን አያውቅም። ስለዚህ አገልግሎት ሰጪው የውስጥ ምስጢሩን ሳይገልጥ የመንገዶቹን ውድነት ብቻ ይነግራል፤ ፕሮግራሙም ከቅርቡ ይመርጣል። በዚያ ሙከራ አንድ መረጃ በከተሞች መካከል የሚያልፈው እርከን በአማካይ ከ5.5 ወደ 0.89 ወርዷል። ሐሳቡ በኋላ አልቶ በሚል ስም በ2014 የኢንተርኔት ደረጃ ሆኖ ወጣ። እኔ ለአራት ሕንፃ ያን ሁሉ አያስፈልገኝም፤ ቅርቡን ማሳየት ይበቃኛል።

ከቤተ መጻሕፍቱ የተወገደ አንድ ዴስክቶፕ ለመንን፤ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ገጠምንለትና ፋይሎቹን ይዞ ቀን ከሌት እንዲያድል አደረግነው። እያንዳንዱ ሕንፃ የተለየ የኔትወርክ ክፍል ስለሆነ የአካባቢው ጥሪ ከአንዱ ወደ ሌላው አይሻገርም፤ ስለዚህ ፋይሉ እነማን ዘንድ እንዳለ የሚመዘግብና የሚጠቁም የውስጥ ትራከር አቁመን አድራሻውን የጨመርንበትን የቶረንት ፋይል ለተማሪዎቹ በተንንላቸው። መተያየት የሚከለክለውን ቅንብር በማደሪያዎቹ ብቻ አነሣሁ፤ ዊንዶውስ ላፕቶፖች ፎልደር እንዳይጋሩ የሚያደርገውን እገዳ ግን አጠበቅሁት። በጣም የከበደኝ ቴክኒኩ ሳይሆን ከተማሪ ተወካዮቹ ጋር መነጋገሩ ነበር፤ ሰኞ ዕለት የዘጋባቸውን ሰው በሐሙሱ ለምን ይመኑት? በመጨረሻ እኔ እገዳውን ላነሣ፣ ወደ ውጭ የሚወጣውን ፍጥነት ብቻ ልገድብ፤ እነሱ ደግሞ ቪፒኤኑን ሊተዉና መስመሩ ሲጨናነቅ ለሌላው ፍሰት የሚለቀውን የቶረንት ቅንብር እንዳያጠፉ ተስማማን። መምህራኑም ከባድ ፋይል ከማዘዛቸው አንድ ቀን በፊት ሊያሳውቁኝ ቃል ገቡ፤ ከመካከላቸው ሁለቱ አሁንም ይረሳሉ።

አሮጌው ሕንፃ አንቴናዎቹ ቅንብሩን በክፍል ለይተው ስለማይቀበሉ እንደተዘጋ ቀርቷል። በተከታዩ ምዝገባ የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሬጅስትራሩ ኃላፊ ስልክ ደወሉልኝ። የጠየቁኝ የፕሪንተር ቀለም ነበር።