ቪትዝ ገዝቶ መያዝ በዚህ ዘመን

ከሃያ ዓመት በላይ የሆናት ትንሽ ቶዮታ ነው የምነዳው። ሰው ሁሉ ቪትዝ ይላታል፣ እኔም እንደዚያው። ዋጋዋን ስነግረው ውጭ አገር ያለው የአጎቴ ልጅ "ስንት አልክ?" ብሎ ደጋግሞ ይጠይቀኛል። እሱ ያለበት አገር እንዲህ ያለችውን መኪና የሚወስዳት ብረት ለቃሚ ነው። እዚህ ከሚሊዮን ብር በላይ ተከፍሎባታል። ያውም ርካሽ ከሚባሉት ወገን ሆና!

እንዴት እዚህ እንደደረስን ባጭሩ ልበል። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ጨከነ፤ መኪናው ባረጀ ቁጥር ታክሱ ይከብዳል። ድሮ በየመርከቡ ተጭኖ ይመጣ የነበረው አሮጌ ቪትዝ በዚያው ቀጥ አለ ማለት ይቻላል። በ2016 አጋማሽ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን ተሻገረ። የአዲስ መኪና ዋጋ ሲሰቀል አሮጌውም ተከትሎ ወጣ። ተተኪ የማይመጣላት፣ ፈላጊዋ ግን ያልቀነሰ መኪና ሌላ ምን ልትሆን ኖሯል?

እኔ ገበያ የወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉም የሚመክረኝ አንድ ነገር ነበር፤ "ኤሌክትሪክ ግዛ!" ምክሩ መጥፎ አይደለም። በዚያን ጊዜ ኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ (ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጨመር ታክስ ነው) ነፃ ተደርጎ ነበር፤ ተገጣጥሞ የሚገባው ላይ የሚከፈለው ጉምሩክም 15 በመቶ ነበር። ከተማው በቢዋይዲ እና በቻይና ስሪት ፎልክስዋገን የተሞላው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ግን የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መኪና የሚቆመው ሜዳ ላይ፣ ጥበቃው አጠገብ። ሶኬት የለም። ከአራተኛ ፎቅ ገመድ ልዘርጋ? ደግሞ ትንሿ ኤሌክትሪክ መኪና እንኳ ካለኝ ብር በላይ ነበረች። የራሱ ግቢ ያለው፣ ከከተማ እምብዛም የማይወጣ ሰው ቢጠይቀኝ ግን ያለማመንታት ኤሌክትሪክ ግዛ ነው የምለው።

ብሩ የመጣው ከዕቁብና ባለቤቴ ካስቀመጠችው ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን ተስማማን። ካለን ገንዘብ አንድ አስረኛው አይነካም። ለስም ማዛወሪያ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለመጀመሪያው ጋራዥ የተቀመጠ ነው። ደላላው "ትንሽ ጨምር፣ የተሻለች አሳይሃለሁ" ሲል ያቺ አስረኛ ናት የምታጓጓው። አሮጌ መኪና ግን ከነጥያቄዋ ነው የምትመጣው። ኪሱን አራግፎ የገዛ ሰው የፍሬን ሸራ መቀየሪያ አጥቶ ወር ሙሉ ሲያቆማት አይቻለሁ።

ደላሎች ደግሞ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። "የሴት እጅ ናት።" "የዶክተር መኪና ናት፣ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት።" "ቀለሟ ከነፋብሪካዋ ነው።" የዚህን ከተማ ቪትዝ ሁሉ የነዱት ሴት ዶክተሮች ናቸው እንዴ ትላለህ። እኔ ወሬውን ትቼ ወረቀት ነበር የማስቀድመው። ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ላይ ያለው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር አንድ ነው? የሞተር ቁጥሩና የሻንሲ ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ይገጥማል? ዕዳና ዕገዳ አለባት? ይህን ሳላይ ኮፋኖ አላስከፍትም ነበር። መኪናዋን ከወደድክ በኋላ ወረቀቱን በንጹህ ዓይን ማየት ያቅትሃል።

አንዷን በጣም የወደድኳትን በዚህ ምክንያት ተውኳት። ሻጩ ባለቤቷ አይደለም፤ በውክልና ነው የሚሸጠው። ባለቤቱ ውጭ ነው አለኝ። ውክልና ሕጋዊ ነገር ነው፣ ችግር የለውም። ግን ሰጪው ሊሽረው ይችላል፤ ከሞተ ደግሞ ውክልናውም አብሮት ያበቃል። ሻጩ እጅ ላይ ያለው ወረቀት ዛሬም የሚሠራ መሆኑን ውልና ማስረጃ ሄደን እናጣራ ስለው ዛሬ ነገ ማለት አበዛ። ተሰነባበትን።

ወደ መኪናዋ ስንመጣ፣ ለቪትዝ ገዢ ከሁሉ በፊት የምነግረው ስለ መሪ ነው። ቪትዝ ቶዮታ መኪናዋን ጃፓን ውስጥ ይሸጥበት የነበረ ስም ነው። አውሮፓ ላይ ይቺው መኪና ያሪስ ትባላለች። ጃፓን መሪ በቀኝ ነው። ስለዚህ ጀርባዋ ላይ ቪትዝ ተብሎ የተጻፈባት፣ መሪዋ ግን በግራ የሆነች መኪና ካየህ አንድ ቦታ ላይ መሪው ዞሯል ማለት ነው። በደንብ የዞረ አለ፣ እንደነገሩ የተበየደ አለ። የመጀመሪያው ትውልድ ላይ ደግሞ የፍጥነት መለኪያው ዳሽቦርዱ መሃል ላይ ስለሆነ፣ ገብተህ ስትቀመጥ ምንም የተለወጠ አይመስልም።

ይህን ያስተማረኝ ሰፈራችን ያለው መካኒክ ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። አንዷን መኪና ይዤለት ስሄድ ሞተሯን እንኳ አላየም። ውሃ መስታወቱ ላይ ረጨና "ዝናብ መጥረጊያውን አስነሳው" አለኝ። መጥረጊያው ሲመለስ በሾፌሩ በኩል፣ ዓይኔ ፊት ለፊት፣ ያልተጠረገ ሰፊ ጥግ ቀረ። በተሳፋሪው በኩል ግን ጥርት ብሎ ነበር። "አየህ ልጄ፣ ይሄ የተሠራው እዚያ ጋ ለሚቀመጥ ሰው ነው" አለኝ። ቀጥሎ ከግድግዳ ፊት አቁሞ መብራቱን አስበራ። ጃፓን በመንገዱ ግራ ስለሚነዳ የአጭሩ መብራት ጨረር ወደ ግራ ከፍ ይላል። እኛ በቀኝ ስንነዳ ያ ከፍ ያለው ጨረር ከፊት በሚመጣው ሾፌር ዓይን ላይ ያርፋል። ማታ ማታ መብራት እያርገበገቡ የሚሰድቡህ ለዚህ ነው። መሪ የዞረ ሁሉ አይገዛ አልልም። ዋጋው ላይ ግን መታሰብ አለበት፤ ዳሽቦርዱ ሥር አጎንብሰህ ብየዳውን ማየትም ግድ ነው። እኔ በስተመጨረሻ ያገኘሁት ከመነሻው በግራ መሪ የተሠራች፣ የ2003 እ.ኤ.አ. ሞዴል ያሪስ ነው። ሰፈር ውስጥ ግን ቪትዝ ናት፣ አለቀ።

ሌላው ፍተሻ የታወቀ ነው። ሻጩን ሞተሩን ሳያሞቅ እንዲጠብቀኝ እለምነዋለሁ፤ ስደርስ ኮፋኖው ላይ እጄን አሳርፋለሁ። ሞቆ ከጠበቀኝ የሚደብቀው የጠዋት ጭስ አለ ብዬ እጠረጥራለሁ። በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት ኪሴ ውስጥ አለች። በሮቹና ፓራፋንጎው (ከፊት ጎማው በላይ ያለው ላሜራ) አካባቢ ሳስጠጋት ካልያዘች ሥሩ ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው፤ ተጋጭታ ተለስናለች ማለት ነው።

ሞተር ስንመርጥ ጋሼና እኔ ትንሽ ተከራከርን። ባለ 1.0 ሊትሯ ነዳጅ ታድናለች፣ በዋጋም ቀነስ ትላለች። ግን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ባለ 1.0ዋ ላይ አራት ሰው ጭነህ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወጣ ያቺ አምስተኛ ትታወቅሃለች። በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያስጮህክ ከሄድክ ደግሞ ነዳጅ አዳንኩ ያልከው እዚያው ያልቃል። ባለ 1.3 ይሻላል አልኩ፣ አልተጸጸትኩም። ማንዋል መሆኗ ዋጋውን ዝቅ አድርጎልኛል። አውቶማቲክ የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፤ ቪትዝ እንደ ሞዴሉ ተራ አውቶማቲክም ሲቪቲም (በማርሽ ፈንታ በቀበቶ የሚሠራ አውቶማቲክ) ሊሆን ይችላል። የሁለቱ ዘይት አይገናኝም። ሲቪቲ ውስጥ ተራውን የካምቢዮ ዘይት የሞላ ጋራዥ ካምቢዮ ገደለ ማለት ነው።

ከገዛሁ በኋላ ያለው ሥራ አሰልቺ ነው። እውነቱን ለመናገር ርካሽ አድርጎ ያቆያትም ይኸው አሰልቺነት ነው። የሞተር ዘይት በጊዜው ይቀየራል። የምትወስደው አራት ሊትር አይሞላም፤ በዚህ የሚቆጥብ ሰው አይገባኝም። ብዙ ሰው "አሮጌ ስለሆነች ወፍራም ዘይት አድርግላት" ይላል። ዘይት የምትጠጣ ካልሆነች አምራቹ ያለውን ቀጭኑን ነው የማስገባው። የሞተሯን ቫልቮች የሚያንቀሳቅሰው ቺንጋ (ቀበቶ) ሳይሆን ሰንሰለት ነው፤ የሰንሰለቱ ዕድሜ ደግሞ በንጹህ ዘይት ነው የሚለካው። ዳገት ላይ ሰልፍ ሲይዘኝ በፍሪሲዮን አልይዛትም፣ የእጅ ፍሬን እስባለሁ። ከኋላ ያለው ክላክስ ያደርጋል፣ ያድርግ።

መለዋወጫ የምገዛው ሶማሌ ተራ ነው። ቪትዝ ሌላው ዋጋዋ እዚያ ነው የሚታየው፤ የማይገኝላት ዕቃ የለም። አሮጌውን ዕቃ ነቅዬ፣ በፌስታል ይዤ ነው የምሄደው። ይህን ካላደረግክ "ይሄው ነው፣ ይገጥማል" ተብለህ የማይገጥም ይዘህ ትመለሳለህ። የፍሬንና የፍሪሲዮን ዕቃ አዲስና ኦሪጅናል ካልሆነ አልገዛም። በር፣ መብራት፣ ስፖኪዮ ከሆነ ግን ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲስ ኮፒ በብዙ ይበልጣል። ስለ ስፖኪዮ ካነሳን፣ ሌባ የሚወዳት መኪና ስለሆነች የታርጋ ቁጥሬን መስታወቶቹ ላይ አስቀርጫለሁ። ዕቃው ከተሰረቀ በኋላ ምናልባት የገዛ ስፖኪዮህን ገበያ ላይ ልታገኘው ትችላለህ። ብዙዎች አግኝተው መልሰው ገዝተዋል!

ነዳጁን ሞልቶ በመሙላት እለካለሁ። ታንኩን አስሞልቼ ኪሎ ሜትሩን እመዘግባለሁ፤ በሚቀጥለው ስሞላ የሄድኩትን ለገባው ሊትር አካፍላለሁ። በከተማ በሊትር 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። በ2014 ማብቂያ ላይ ከ50 ብር በታች የነበረው ቤንዚን በ2017 ከመቶ አልፏል። ሊትሩን በ120 ብር ብናስብ በኪሎ ሜትር 9 ብር አካባቢ ነው። በሊትር የምትሄደው ኪሎ ሜትር ድንገት ሲወርድ የሆነ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ጎማ አየር ጎድሎት ወይም የአየር ፊልትሮ ቆሽሾ ይሆናል።

የዋጋ መናር ያመጣው፣ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ኢንሹራንስ ላይ ነው። ሦስተኛ ወገን ግዴታ ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ሙሉው ነው። ውሉ ላይ የመኪናው ዋጋ ይጻፋል። መኪናው ዛሬ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር እያወጣ ውልህ ላይ ግን 800 ሺህ ከሆነ፣ ግማሹን ብቻ ነው ያስመዘገብከው። ትንሽ ተጋጭተህ 100 ሺህ ብር ጥገና ቢመጣ ኩባንያው "ግማሽ ዋስትና ነው ያለህ" ብሎ 50 ሺህ ሊከፍልህ ይችላል። ውሉ ላይ ተጽፏል፣ አትከራከርም። የሥራ ባልደረባዬ የቆየ ዋጋውን ሳያስተካክል እያደሰ ቆይቶ ይኸው ደርሶበታል። እኔ ከማደሴ በፊት ሁሌም ሁለት ሦስት ደላላ ዋጋዋን እጠይቃለሁ። ገዢ መስዬ።

ደላሎቹ ዋጋውን ሲነግሩኝ ታዲያ ጓደኞቼ "አተረፍክ!" ይሉኛል። በምኑ? ብሸጣት ሌላ ልገዛ አይደል? ሌላዋም እኮ በዚያው ልክ ወጥታለች። ትርፍ የሚሆነው ሸጦ በእግሩ ለሚሄድ ነው። መኪናን እንደ ባንክ ደብተር የሚያይ ሰው በዝቷል፤ ቆሞ ዋጋ እንዲጨምር የሚጠበቅ አሮጌ መኪና ግን ባትሪው ይሞታል፣ ጎማው ይሰነጠቃል፣ ጉሚኒው ይደርቃል። የኔዋ ትሥራ።

አሁን ተራው የጎማ ነው። የኔዋ 175/65 አር 14 ነው የምትለብሰው፣ በየሱቁ አለ። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ታትሟል፤ 3523 ካለ በ2023 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። መደርደሪያ ላይ የከረመ ጎማ እንደ አዲስ እንዳይሸጡልኝ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። አራቱን ባንዴ አልችልም። ሁለት እገዛለሁ፣ ሁለቱንም ከኋላ አስገባለሁ። ከኋላ ያሉትን ደህናዎቹን ወደ ፊት አመጣለሁ። ጎሚስታው "የሚነዳው የፊቱ ነው፣ አዲሱ ፊት ይግባ" ብሎ መከራከሩ አይቀርም፤ ክረምት ላይ በእርጥብ አስፋልት ኩርባ ስትይዝ የኋላው ካመለጠ ግን በመሪ የምትመልሰው አይደለም።